የጋሽ ዴል አባት እጀታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የበደልኳቸው ሽማግሌ ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። ያልረሳሁት ስላልተቆጡኝ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ። ከአገሬ ርቄ በምኖርባት በሴንት ፖል ከተማ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ገባ ብሎ፣ የተሰበረ ወንበርና ጠረጴዛ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዴል የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ደንበኛዬ ናቸው፤ በልቤ ጋሽ ዴል ነው የምላቸው። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ መንደር ይኖራሉ። የመንደሩ ሰዎች አባቶቻቸው መንገድ የሠሩባቸውን፣ በፈረስ የሚጎተቱ መሣሪያዎች አንድ ጎተራ ውስጥ አኑረው ይንከባከባሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፈረስ ጠምደው ለሕዝብ ያሳያሉ።

ያን ቀን ጋሽ ዴል በፒክአፕ ጭነው ያመጡልኝ የብረት አካፋ ነበር። አካፋ ስል የእጅ አይደለም፤ የሕፃን አልጋ ያክላል። ፈረስ ከፊት ይጎትተዋል፣ ሰው ከኋላ ሁለት የእንጨት እጀታ ይዞ አፈር ይዝቅበታል።

"እጀታዎቹ ላልተዋል፤ ብሎናቸውን ብቻ አጥብቅልኝ" ብለውኝ ሄዱ።

እጀታዎቹን ሳያቸው አሳዘኑኝ። መሐላቸው ተበልቶ ቀጥኗል፣ ጠቁረዋል። እኔ ባደግሁበት ቤት እንግዳ ፊት አሮጌ ነገር አይቀርብም። ስለዚህ በነጻ አዲስ ሠርቼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ላስደስታቸው ፈለግሁ።

ባለቤቴ ጽጌ "ሰርፕራይዝ ምናምን ከማለትህ በፊት ለምን ኮል አድርገህ አትጠይቃቸውም?" አለችኝ። አልሰማኋትም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

አዲሶቹን ሠርቼ ገጠምኳቸው፤ ከአሮጌዎቹ አንዱን እሑድ ጓሮ ሥጋ ስንጠብስ ማገድኩት። ሌላው ሱቅ ጥግ ተጥሎ ቀረ።

ጋሽ ዴል ሲመጡ የሚያብረቀርቀውን እጀታ ቀስ ብለው ዳሰሱት። "ያምራል" አሉ። ቀና ብለው "የድሮዎቹስ?" አሉኝ።

ከጥግ አንስቼ ሰጠኋቸው። የቀጠነው ቦታ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ልክክ አለ።

"ይሄ የአባቴ እጅ የበላው ነው። ፎቶ እንኳ የለኝም። የግራውስ?"

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። "አቃጠልኩት" አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ አካፋቸውንና እጀታቸውን አስጭነውኝ ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ለጽጌ ስነግራት "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" አለችኝ። ወዲያው ግን ሻይ አቀረበችልኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ዴል ደወሉ። "ቅዳሜ ፈረስ እንጠምዳለን፤ ና" አሉኝ።

ስደርስ አካፋው በቀኝ የአባታቸውን፣ በግራ የእኔን እጀታ ይዟል። "አንተ የራስህን ያዝ" አሉኝ። እሳቸው የአባታቸውን ያዙ። ፈረሶቹ ሲነሡ ብረቱ መሬቱን ነከሰና ሊጥለኝ ምንም አልቀረው፤ የመንደሩ ሰው ሳቀ። አንዴ ዞረን አፈሩን ስንደፋ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ጋሽ ዴል እጄን ገልብጠው አዩት። "አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው" አሉኝ።

ይቅር እንዳሉኝ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ግን ያን የእሑድ ሥጋ ሳስበው ዛሬም ያንቀኛል። አሁን ሰው አሮጌ ዕቃ ይዞልኝ ሲመጣ፣ መሣሪያ ከማንሣቴ በፊት የማን እንደነበር እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዳንዱ ወንበር ስቦ ይቀመጥና መናገር ይጀምራል።