ይሻው ያልተቆጠረበት ዓመት

የዘርትሁን አንድ ቀን ስንት ያወጣል? በብር ብቻ ቢሆን መልሱ በቀለለ። ጠዋት ጎረቤት ሳይነሣ የወንድሟን የይሻውን እግር ከምሰሶው ትፈታለች፤ ደግፋ ከቤት ጀርባ ታደርሰዋለች፤ መልሳ ታስረዋለች። ብረቱ የላጠውን ቁርጭምጭሚት በጨው ውኃ ታጥባለች። ለዚያ አንድ እንስራ ውኃ ከምንጭ ትቀዳለች፤ ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት፣ ዳገቱ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ከማይሰማበት ርቃ መሄድ ስለማትችል እርሻው ለእኩል ተሰጥቷል፤ ከሚገኘው ገብስ ግማሹ የአራሹ ነው። የእናቷ ዓይን ስለደከመ፣ ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ እንደሆነ አንዲት ጎረቤት ሁለት ሰዓት ትጠብቅላታለች፤ ለዚያች ሁለት ሰዓት ዘርትሁን አንድ ሙሉ ቀን ስታርምላት ትውላለች። መድኃኒት ፍለጋ ደብረ ታቦር መሄድማ የሦስት ሰው መሳፈሪያ ነው፦ ለሷ፣ ለይሻው፣ ይሻውን ለሚይዘው ጉልበተኛ። ያውም ሹፌሩ «ይኼንን አልጭንም» ካላለ። ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ሁለቱን ጊዜ ሹፌሩ አልጭንም ብሏል።

ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። ሲያይዋት አርባ ትመስላለች።

ይሻው ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሚኖሩባት ወይራ አምባ ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ገባ ያለች ቀበሌ ናት፤ በዚያች ቀበሌ እንደሱ ትልም ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ አራሽ አልነበረም ይላሉ። በሃያ ሁለት ዓመቱ እንቅልፍ እምቢ አለው። ቀጥሎ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ይከራከር ጀመር። ቤተሰቡም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጣራ ገዳም ወስዶ ጸሎት አስደረሰለት፣ ጠበል አስጠመቀው። አጥማቂው መነኩሴ ደግ ሰው ነበሩ። «በጠበሉ እኔ አለሁ። ሐኪሙን ግን እናንተ ፈልጉ፤ እሱንም የፈጠረው እግዜር ነው» አሏቸው።

ሐኪም ከየት ይምጣ? ሲሮጥ ገደል እንዳይገባ አጎቶቹ በሰንሰለት አሰሩት። ሰባት ዓመት ታሰረ።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። የሆነ ፕሮጀክት አንድ ነርስ ለአእምሮ ሕመም አሠልጥኖ በጤና ጣቢያው አስቀመጠ። በወር አንዴ፣ በሚካኤል ማግስት፣ አንድ መርፌ፤ ያውም በነፃ። በዚያ ቀን ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር የሚሰለፈው ሰው ጋቢውንና ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነበር የሚቆመው። ማንም ማንንም ሰላም አይልም። ዘርትሁንም አቀርቅራ ስለምትቆም ሰዎቹን ያወቀቻቸው በእግራቸው ነው፦ የአንዱ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የአንዲት ሴት አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ። አሥራ ሰባት ቤት መሆናቸውን በእግር ቆጥራ ደረሰችበት።

በሦስተኛው ወር ይሻው ጢሙን ላጩኝ አለ። በአምስተኛው ወር በሬ ጠመደ። ዘርትሁን ሰንሰለቱን ገደል ልትወረውር ስታነሣው እጇን ያዛት።

«ተይው፣ አትጣይው።»

«ለምኑ ነው ወንድምዬ?»

«መርፌው የሰው ነው፤ የሰጠን ሲፈልግ ይወስደዋል። ሰንሰለቱ ግን የራሳችን ነው።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሰንሰለቱም ከግድግዳው ላይ ከችካል ተሰቀለ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ከደጉ ዘመን ነው። በሁለት ሺህ ስምንት ሚያዝያ ላይ ለዘርትሁን ሽማግሌ ሊላክ ሆነ። በዚያ አገር ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ዘር ይቆጠራል። ወደላይ እስከ ሰባት ቤት «ያበደ አለ? የቆመጠ አለ?» እየተባለ ይጠየቃል። አንድ ስም ከወጣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጠያቂዎቹ ከሌላ ቀበሌ ስለነበሩ የይሻውን ነገር አልሰሙም፤ በመዝገብ ከሰፈረ ግን መሰማቱ አይቀርም። ሽማግሎቹ እሑድ ሊመጡ፣ ሐሙስ ዕለት የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፍሬሕይወት መመዝገቢያዋን ይዛ ከደጅ ቆመች።

«መጸዳጃ ቤት?»

«አለን።»

«ያልተከተበ ሕፃን?»

«ኧረ ሕፃኑስ ከየት መጥቶ!»

«የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው?»

ዘርትሁን ወደ ውጭ አየች። ይሻው እንጨት እየፈለጠ ነው።

«የለም።»

ፍሬሕይወት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ታውቃለች። «እትዬ ዘርትሁን፣ ይሻውስ?»

«ይሻው ድኗል። ሲፈልጥ አታይውም? ድኗል ብለሽ ጻፊ።»

«ድኗል የሚል ቦታ የለኝም እኮ። አለ፣ ወይም የለም ነው።»

«እንግዲያው የለም!»

ፍሬሕይወት ጻፈች። የመጥረቢያው ድምፅ ትንሽ አቆመና እንደገና ቀጠለ። በዚያ ሳምንት አረንጓዴ ጫማ ያላት ሴትም የለም አለች፤ ባለ ተረከዙም የለም አሉ። ሁሉም የየራሱ ሽማግሌ፣ የየራሱ ሠርግ፣ የየራሱ እፍረት ነበረው።

ሰኔ ላይ ፕሮጀክቱ አለቀ። ነርሱ «ከሐምሌ ጀምሮ ወረዳው በበጀቱ ይይዘዋል» ብሎ ተሰናበታቸው። ሐምሌ መጣ፤ መርፌው አልመጣም። ነሐሴም አለፈ። ኅዳር ላይ በሚካኤል ንግሥ ይሻው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ልብሱን ጥሎ ሮጠ። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል የዘርትሁን እጮኛ አጎት ነበሩ። በሳምንቱ «እግዜር ያልፈቀደው ነው» የሚል መልእክት መጣ፤ ሌላ ቃል አልተጨመረበትም። ያቺ «የለም» ትዳሩንም አላተረፈችው፣ መርፌውንም ወሰደችው።

አጎቶቹ ሊያስሩት ሲመጡ ይሻው አልታገለም። ከችካሉ ላይ ያለውን ሰንሰለት በአገጩ አሳያቸውና እግሩን ዘረጋ።

ዘርትሁን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሄደችው ለመጣላት ነበር። በዕቅድ ክፍል ያገኘቻቸው አቶ በላይነህ የሚባሉ ሰው አልተቆጡም፤ ያ ይብስ አናደዳት።

«እህቴ፣ በጀት የሚያዘው በታማሚ ቁጥር ነው» አሉና አንድ ፋይል ገለጡ። «ወይራ አምባ ቀበሌ፣ የአእምሮ ሕሙማን፣ ዜሮ።»

«ዜሮ ማለት?»

«ዜሮ ማለት ማንም የለም ማለት ነዋ! እናንተው ናችሁ የላካችሁት። ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

ዘርትሁን ወንበር ሳይሰጧት ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የለም ያልኩት።»

ሰውየው ፋይሉን ዘጉት። ኋላ ግን አንድ መንገድ ነገሯት። ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቀው ሐምሌ ላይ ነው። እስከ ግንቦት አጋማሽ በቀበሌው ማኅተም የተረጋገጠ የስም ዝርዝር ካመጣች ይዘውላት ይገባሉ። «ግን ስም ይሁን። ቁጥር ብቻ አልቀበልም፤ ቁጥርማ ማንም ይጽፋል።»

ወር ሙሉ ዞረች። ወር ሙሉ ለጎረቤት የምትከፍለው ጉልበት ስለሌላት ይሻውን የሚጠብቁት እናቷ ዓለሚቱ ነበሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ከሰንሰለቱ ጫፍ ቁጭ ብለው በድምፁ ነበር የሚጠብቁት። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባለ አረንጓዴ ጫማዋ ነው። የሺ ትባላለች፤ የታመመው ባሏ ነው። የሺ ገና የመጣችበትን ስትሰማ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ማን ነው ደግሞ የኔ ሰው ታሟል ያለሽ?»

«እትዬ የሺ፣ ሃያ ሁለት ወር አብረን ተሰልፈናል እኮ።»

«እኔ ለጨጓራዬ ነው የተሰለፍኩት!»

«ጫማዎንም አውቀዋለሁ። እባክዎን፣ ስማቸውን ብቻ ይስጡኝ።»

የሺ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄን ግንቦት ሃያ ቀን ልድራት ነው። አንቺስ የራስሽ ሽማግሌ ሲቀርብ አይደል የለም ያልሽው? ከሠርጉ በኋላ ነይ፤ ያኔ እኔም ታምሜያለሁ ብዬ እጻፍልሻለሁ።»

የሺ የተናገረችው እውነት ነው።

ባለ ተረከዙ ሽማግሌ፣ አያ ፈንታሁን፣ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለች ተጣሩ። «ነይ ግቢ! ስም ለቃሚዋ አንቺ ነሽ አሉ። ልጄን ጻፊያት። እኔንም ጻፊኝ።»

«አንቱማ ጤነኛ ነዎት፣ አያ።»

«ዐሥር ዓመት ያበደች ልጅ የጠበቀ ጤነኛ አለ? በይ ጻፊ። አምና ሰው አፍሬ የለም አልኩ፤ ግን ሚስት አልፈልግ፣ የምድረው ሌላ ልጅ የለኝ፤ ምን ሊቀርብኝ ነው!» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ልጃቸው ግን ከጓዳ ስትጮኽ ሳቃቸው ተቆረጠ።

ከአሥራ ሰባቱ ቤት አራት ስም ተገኘ። አንደኛው ይሻው ነው። ፍሬሕይወት የአራቱን ቤት አይታ ፈረመች፤ ቀበሌው ማኅተሙን መታበት።

ሐምሌ ላይ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ጥቂት ደቂቃ ተፈቅዶ ነበር። አብረዋት ሊቆሙ የማሉት አምስት ነበሩ፤ የመጡት አያ ፈንታሁን ብቻ ናቸው። ዘርትሁን ከማታውቀው መቶ ሰው ፊት ተነሥታ «ይሻው የሚባል ያበደ ወንድም አለኝ» አለች። ያንን ቃል በሕይወቷ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። መርፌው በሰጠው ሃያ ሁለት ወር ምን እንዳረሰ፣ አሁን ቁርጭምጭሚቱ ምን እንደሚመስል ነገረቻቸው። አንዳንዱ አቀረቀረ። ከኋላ አንዱ «እሷም ጀምሯታል መሰለኝ» አለና ጥቂት ሰው ሳቀ።

ሰብሳቢው አመሰገኗት። «አሳዛኝ ነው፣ እህታችን። ግን ለአራት ሰው ነርስ አሠልጥነን መድኃኒት በጀት መያዝ አንችልም። አራቱ ደብረ ታቦር ሄደው ይታከሙ። ቁጥሩ ከጨመረ በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።» ከዚያ ወደ ድልድዩ ጉዳይ አለፉ።

ሲመለሱ አያ ፈንታሁን እስከ መገንጠያው አብረዋት መጡ። እዚያ ሲደርሱ «አሥራ ሰባት ብንሆን ኖሮስ?» አሉ።

«እንጃ አያ። ዜሮ ግን አንሆንም ነበር።»

ማታ ይሻውን ረጋ ብሎ አገኘችው። እንዲህ ያለ ሰዓት በወር አንድ ሁለቴ ይመጣለታል።

«ስንት ሆንን?»

«አራት።»

«እኔ አለሁበት?»

«መጀመሪያ የተጻፍከው አንተ ነህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ያን ዕለት እንጨት ስፈልጥ ሰምቼሽ ነበር» አላት። እሱ ከተኛም በኋላ ዘርትሁን የሰንሰለቱን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ከአጠገቡ ቁጭ አለች።

ነገም ያው ምንጭ፣ ያው ጨው ውኃ ነው። ዘርትሁን እንደገና ቤት ለቤት ትዞር እንደሆነ የሚጠይቃት አለ፤ እሷ ግን ጉልበቷ የቀረው ለአንድ ልመና ብቻ ነው ትላለች። ልመናዋም ለናንተ ለምታነቡት ነው፦ «በሚያዝያ እንደ ፍሬሕይወት ያለች ልጅ መመዝገቢያዋን ይዛ ከደጃችሁ ትቆማለች። ሠርግ ቢኖራችሁም፣ ሽማግሌ ቢቀርብም፣ በሽተኛችሁ በዚያ ቀን ደህና ሆኖ እንጨት ቢፈልጥም፣ እባካችሁ የለም አትበሏት። ስሙን ንገሯት። ስትጽፈውም ቆማችሁ እዩ።»