በጎኑ የተሳለው ጀግና

መካኒሳ አቦ አካባቢ ባሉ ሥጋ ቤቶች ታፔላ ላይ ወጋየሁ የሚስላቸው በሬዎች በጎናቸው ቆመው እንኳ ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው። ጎረምሶች ይስቁበታል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ቀለም እያስበጠበጡ ያሳደጉት በአንድ ሕግ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይን የሚያይ ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ብቻ ነው። ታዲያ ምስኪኑን በሬ ምን በደለ ብሎ ከዚያ ወገን ይቀላቅለው?

ጣጣው የመጣው በሰማንያ ስምንት ክረምት ነው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ኑሪ አዲስ የካርቱን ፊልም አመጣና ለደጁ ታፔላ አዘዘው። ወጋየሁ አግዳሚው ጥግ ቁጭ ብሎ ፊልሙን አየ። ጭምብል ያጠለቀ፣ ካባ የለበሰ ጀግና ከፎቅ ፎቅ እየበረረ ወንበዴ ያሳድዳል። ወጋየሁን የገረመው ግን አሳሳሉ ነው። መስመሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ቀዩና ቢጫው ያልተደባለቀ፣ ታሪኩም አንዳንዴ በሳጥን በሳጥን የተከፈለ ነው። የአባቱን ሥራ ነፍስ ዘርተውበት ያስሮጡት መሰለውና ደስ አለው።

ኑሪ እንዲስለው ብሎ ፊልሙን ያቆመለት ግን ጀግናው በጎኑ ሲበር ነው፤ ግማሽ ፊቱን ጥላ ውጦት አንድ ነጭ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ወጋየሁ ፊቱን ላዙረው ብሎ ለመነ። ኑሪ ደግሞ ሰው ገብቶ ሲያይ ሌላ ነው ብሎ ይጣላኛል አለና እምቢ አለ። የወጋየሁ ሚስት ተናኘ መውለጃ ወሯ ውስጥ ገብታለች፤ ሥራ የሚመረጥበት ጊዜ አልነበረም። ሳለው። ስላማረለትም ኑሪ ስምህን ጻፍበት አለውና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀግናው እግር ሥር ስሙን በነጭ ቀለም አሰፈረ።

ከላፍቶ ወተት እያመጡ የሚሸጡት ሸጊቱ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ልጄ፣ ሚስትህ በየጠዋቱ እዚያ ሥዕል ፊት ትቆማለች። ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ነገር ላይ ዓይኗን አትተክልም፤ ልጁ ያንኑ መስሎ ይወጣል።»

የወጋየሁ ቀልብ ተገፈፈ። በማግስቱ ርቆ ተከተላት። ተናኘ አቦን ተሳልማ ስትመለስ፣ እውነትም ታፔላው ፊት ቆመች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስለተከናነበች ዓይኗ የት እንዳረፈ አይታይም፤ ግን ሌላ ምን ልታይ ትችላለች? ቤት ሲገቡ በሌላው መንገድ ተመለሺ አላት። ጭቃው ያንሸራትታል አለችው። ምክንያቱን እንዳይነግራት ማስደንገጥ ሆነበት። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው፤ ባንድ ዓይኑ የሚያይ ሕፃን በሄደበት ይከተለው ጀመር።

ኑሪን አውርድልኝ ብሎ ቢለምነው ሣቀበት። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት ፊልሙ ሲታይ ብሩሹን ይዞ ሄደና የጀግናው ጉንጭ ላይ ሁለተኛ ዓይን ጨመረ። ኑሪ ወጥቶ ሲያይ በቁጣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አምጥቶ እርጥቡን ዓይን ጠርጎ አጠፋው። ወጋየሁ ቆሞ አየ። ቤቱ ሲደርስ ተናኘን ምጥ ጀምሯት፣ ጎረቤት ታክሲ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ወስዷታል።

ነርሷ የታቀፈችውን ሕፃን ስታሳየው ወጋየሁ የጾታውን ነገር አልጠየቀም። ፊቱ አብጧል፤ አንድ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ሌላው ግጥም ብሏል። የገዛ እጄ ነው ያጠፋው አለ በልቡ፤ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ነርሷ እብጠት ነው፣ ይከፈታል ብትለውም አላመናትም። ሲነጋ ከተናኘ አልጋ አጠገብ ሕፃኑን ታቅፎ ያንን ዓይን አፍጥጦ ይጠብቅ ነበር። ሽፋኑ ንቅንቅ አለ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ተከፈተና ጥቁር ጤነኛ ዓይን አየው።

ወጋየሁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከሸጊቱ ጀምሮ እስከ ቤንዚኑ ድረስ ያለውን ሁሉ ዘረገፈላት። ተናኘ የቄስ ልጅ ናት፤ ሕጉን ከሱ እኩል ታውቀዋለች።

«የሥዕሉን ፊትማ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እኔም እፈራው ነበር» አለችው። «ሥራህን እንዳላስጠላህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የምቆመው ከሥሩ ያለውን ስምህን ለማንበብ ነው።»