ጠበል የጠጣች መኪና

በማይመለከተኝ ነገር ሁሉ ጽፌያለሁ። ስለ ሙሽሮች አጀብ፣ ስለ ሐውልቶች አስቀያሚነት፣ ሳያነቡ ስለሚያደንቁ ሰዎች ጽፌያለሁ። አንድ ጊዜም ናፍቆት የሥራ ፈት በሽታ ነው ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። በአባቴ ላይ የሠራሁትን ግን ለወዳጅም ለነፍስ አባቴም ተንፍሼው አላውቅም። ዛሬ ላንተ ልናገር ነው። ለምን ላንተ? ስለማላይህ ይሆናል። ፊትህን ባየው ኖሮ ይህንንም አሳምሬ እዋሽህ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጎንደር ደብር ሲያገለግሉ ኖረው ጉልበታቸው ሲከዳቸው ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። እዚያ ሆነው የሚናፍቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዳባት በላይ ያለው የተወለዱበት መንደርና እዚያ የቀሩት ታላቅ ወንድማቸው አያ ዓለሙ። አያ ዓለሙ ታመው ከቤት መውጣት አቁመዋል። አውቶቡስ ዳባት ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ግን ለአባቴ ጉልበት የሚቻል አልነበረም። እኔ ደግሞ ያንን ዳገት ያለ ጭንቀት የምትወጣ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረችኝ።

«መቼ ነው የምንሄድ?» ይሉኛል በየማለዳው። «ገብሱ ሳይታጨድ ብንደርስ ሸጋ ነበር።»

እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ምክንያቴ ለመጻፍ እንኳ ያሳፍራል። ያን ዓመት ከሚስቴ ተለያይቻለሁ፤ አያ ዓለሙ ደግሞ ገና ሳልቀመጥ «ሚስትህስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ሁለት ሽማግሌዎችን አለያየሁ። መንገዱ ሰላም አይደለም እንዳልል፣ ለክፋቴ ያን ሰሞን ሰላም ነበር። ስለዚህ ዋሸሁ። «ኢንጀክተሯ ተበላሽቷል» አልኩ።

የዋሸሁትም አንብቤ ነው። ሌላው ሰው እንዲሁ ይዋሻል፤ እኔ ምንጭ እያገላበጥኩ ዋሸሁ። አባቴን በረንዳ ላይ አስቀምጬ አስተማርኳቸው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በብልጭታ አይነድም አልኳቸው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር እስኪግል ድረስ ይታመቃል፤ በዚያች ቅጽበት ፓምፑ በኃይል የገፋውን ናፍጣ ኢንጀክተሩ ይረጨዋል። ኢንጀክተሩ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች። ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል ናፍጣው ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ጉም ሆኖ ይወጣል፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ይቆማል። ጉሙ ከጋለው አየር ጋር ሲገናኝ ይነድዳል። ቀዳዳው ከተደፈነ ወይም መርፌዋ ከተበላች ግን ናፍጣው ጉም መሆኑ ይቀርና ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠብ ናፍጣ በወጉ አይነድም።

«መታመሟን በምን አወቅህ?» አሉኝ።

«ጠዋት አልነሳም ትላለች። ስትነሳም ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ እንደ መዶሻ ትንኳኳለች። ጭስ ታበዛለች፤ ያልነደደ ናፍጣ ትሸታለች። ብዙ ትጠጣለች፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል።»

አባቴ ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ። «ምነው ልጄ፣ የኔን ደዌ ነው እኮ የምትዘረዝር። ከመጠጡ በቀር!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ታዲያ ምን ይሻላታል?»

«ተፈቶ ይታያል፤ መታጠብ ካላዳነው ይቀየራል። ዕቃው እስኪመጣ መታገስ ነው።»

መኪናዋ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረባትም። እኔ ግን ውሸቴን በየማለዳው እተውንላት ጀመር። አባቴ እያዩኝ ቁልፉን አዞራለሁ፤ ሞተሯ ገና ሲያጉረመርም አጠፋታለሁ። «አዩ?» እላለሁ። «አይዞህ» ይሉኛል፤ እኔን ያጽናኑኛል።

አባቴ ግን በመታገስ ብቻ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። በባጃጅ ወደ ደብራቸው ሄደው በቢጫ ጀሪካን ጠበል ይዘው ተመለሱ። ለጉልበታቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከማለዳ ጸሎታቸው በኋላ፣ እኔ ከመነሳቴ በፊት፣ የናፍጣ መሙያውን ክዳን ከፍተው ያጠጧት ነበር። በሽተኛ ጠበል ሲገባ ለአንድ ቀን አይገባምና እሷንም አንድ ሱባኤ ሙሉ አጠጧት። እኔም በየማለዳው ቁልፉን እያዞርኩ፣ በትወናዬ፣ ውሃውን ወደ ኢንጀክተሮቹ እስበው ነበር።

ሱባኤው ሲያልቅ፣ ለራሴ ጉዳይ ልወጣ ብዬ ከልቤ አስነሳኋት። ተንኳኳች፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ጠፋች። በረንዳው ላይ የዘረዘርኩት ደዌ በሙሉ በአንድ ጠዋት ወረደባት። ተጎትታ አዘዞ ጋራዥ ገባች፤ አባቴም ካልመጣሁ ብለው አብረውኝ መጡ። መካኒኩ ኢንጀክተሮቹን ፈታ፤ መርፌዎቹ ዝገው ተጣብቀዋል። ማጣሪያውን ሲገለብጠው ውሃ ተንቆረቆረ።

«ኧረ ወንድሜ፣ ይቺን ማን ነው ያጠመቃት?» አለ።

በጋራዡ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው የሚያድን ጠበል ብረት ያቅተዋል አላልኩም።»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አባባ፣ መጀመሪያውንም ደህና ነበረች።» ዓረፍተ ነገር መሥራት ደግሞ ሙያዬ ነው። ለምን አልሠራሁትም? የሚስቁት ሰዎች ወደኔ ዞረው እንዳይስቁ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። አባቴ ላይ ጮህኩ።

«አባባ፣ በእጅዎ ገደሏት! ዕቃው ደርሶ ነበር እኮ! ቅዳሜ ልወስድዎት ነበር!»

ምን ቅዳሜ? የምን ዕቃ? እዚያው አፌ ላይ የፈጠርኳቸው ናቸው። እስከዚያች ደቂቃ የዋሸሁት ስለ መኪና ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ስለ አባቴ ዋሸሁ፤ ለራሳቸው፣ በፊታቸው።

ከዚያ ወዲህ «መቼ ነው የምንሄድ?» ማለት ተዉ። አዲሶቹ ኢንጀክተሮች ዘገዩ። ሳይመጡ፣ አንድ ማለዳ ዘመዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ገቡ። መርዶ ነበር፤ አያ ዓለሙ ተቀብረው አድረዋል። አባቴ ዘመዶቹን አስቀምጠው «ወንድሜን ሳላየው ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልጄማ ሊወስደኝ ነበር» አሉ። ዘመዶቹ ወደኔ ዞረው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም መልሼ ነቀነቅሁ።

ነገሩን ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙት። እንዴት አወቅህ ብትለኝ፣ ራሳቸው ነገሩኝ። «እምነት መስሎኝ ድፍረት ሆነብኝ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው» አሉኝ። ነፍስ አባታቸው ጉልበታቸውን አይተው በጸሎት ሊያቀሉላቸው ቢሞክሩም፣ ስግደት ይሁንልኝ ብለው የለመኑት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከደብሩ ልመልሳቸው ሄጄ አየኋቸው። በአንድ እጃቸው የቅጥሩን ድንጋይ ይዘው ይንበረከካሉ፤ ግንባራቸው መሬት ይነካል፤ ድንጋዩን ቧጥጠው ይነሳሉ። እኔ በር ላይ፣ በታደሰችው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሠራሁት እኔ፣ የሰገዱት እሳቸው። ወርጄ ክንዳቸውን እንኳ አልያዝኩም።

አሁን የሉም። መኪናዋ ደህና ናት፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። አንዳንድ ማለዳ አስነስቻት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ «መቼ ነው የምንሄድ?» የሚለኝ ሰው እስኪመጣ የምጠብቅ ይመስል። አንድ ጊዜ ብቻዬን መንደሩ ድረስ ወጣሁ። ገብሱ ቆሞ ነበር፤ ነፋሱ ሲያስተኛው ሲያነሳው እያየሁ፣ ይህን ማየት የነበረበት ዓይን የኔ እንዳልሆነ ገባኝ። «ሚስትህስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ዛሬ ያቺን ጥያቄ ለመስማት ያንን ዳገት በእግሬ እወጣው ነበር።

የቀረኝን ልንገርህ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። አባቴ ከማረፋቸው በፊት፣ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ አልጋቸው አጠገብ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ማኪናህን አበላሸሁብህ፤ በሰው ፊትም አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ» አሉ። እጄን ይዘው መልሴን ጠበቁ።

«ይቅር ይበለን አባባ» ብል እንኳ ግማሽ እውነት ይሆን ነበር። እኔ ግን ድምፄን አለስልሼ፣ እንደ ቸር ሰው፣ «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኳቸው። እፎይ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታ አልለምንህም። ይቅርታ ምን ያህል በርካሽ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።