ክርስትና አነሳለሁ ያልኩ ለታ

እጄ ሳላዘው አንድ ነገር ሠርቶ ያስደነገጠኝ፣ የማርያም ማኅበር ተራው እናቴ ላይ በደረሰ ቀን ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ነው የማስተምረው። የእናቴ ቤት ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው፤ የዚያን ቀን ለማገዝ ሄጄ ነበር። ጸሎቱ አለቀና ቄሱ፣ የንስሐ አባታችን፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህርት አይደለሽ? እስቲ ካነበብሽው አቅምሽን» አሉኝ።

ለወሬ ማን ብሎኝ! በዚያ ሰሞን በስልኬ ያየሁት ነገር ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ነበር የሰነበተው። በሰው አገር አንድ ጥቁር ሽማግሌ ጸሎት ቤት ገብተው ቢቀመጡ፣ አጠገባቸው የነበሩት ነጮች አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ሌላ ወንበር ሄዱ። ይህንን ነገርኳቸው። «ሁላችንም የአንድ አዳም ልጆች ነን፤ ክርስቶስ ደሙን ሲያፈስ ቀለም መርጦ ነው እንዴ?» አልኩና እንባዬ መጣ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ «አይ ፈረንጅ! እግዜርንም አይፈራ!» አለች። ቄሱ ቃለ ሕይወት ያሰማሽ ብለው መረቁኝ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ዳቦው ተቆርሶ ጠላው መዞር ሲጀምር ሸክላ ሠሪዋ ደጃፉ ላይ ደረሰች። እናቴ ያዘዘቻትን ሁለት እንስራ ይዛ፣ አራስ ልጇን በጀርባዋ አዝላ። ይችን ሴት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ያሳደገኝ ወጥ የተሠራበት ድስት የእሷ እናት የእጅ ሥራ ነው። ፊቷ ላይ ክፉ የሚናገራት የለም። ዞር ስትል ግን «ዓይኗ ሰው ይበላል» ይሏታል፤ እሷም ታውቀዋለችና የማንንም ቤት ደፍ አታልፍም።

እና እጄ ነጠላዬን ጎተት አደረገና ጉልበቴ ላይ ያለውን ዳቦ ሸፈነው።

በስመ አብ! እንባዬ ገና ከጉንጬ አልደረቀም እኮ። እጄን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየሁት። ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ሸፍነዋል፤ አንዷም ሳትቀር። ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች፤ የት ማየት እንደሌለባት ማንም አያስተምራትም።

እንስራዎቹን አስቀመጠችና እንደ ወትሮው ትሄዳለች ስንል ቆመች።

«መምህርት» አለችኝ፣ ቀና ሳትል፤ «ሁሉም የአንድ አዳም ልጅ ነው ሲሉ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማሁ። ይቺ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ክርስትና ልታነሳልኝ የነበረችው ዘመዴ ታማ ቡሬ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሌላ ሰው የለኝም። ያሉት እውነት ከሆነ ልጄን ያንሱልኝ።»

«በደስታ!» አልኩ። አፌ የእጄን ጥፋት ለመካስ የቸኮለ ይመስለኛል። ቄሱ ብቻ «መልካም ነው፣ መልካም ነው» አሉና ጠላቸውን አነሱ።

እንግዶቹ እንደ ወጡ እናቴ ፈላች።

«ምን አቅለበለበሽ? ክርስትና ማንሳት ጨዋታ መሰለሽ? ልጇ ልጅሽ ናት፤ እሷ አበልጅሽ ናት! ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ቤቷ ገብተሽ፣ ፊቷ ተቀምጠሽ ልትበይ ነው!»

«ብበላስ? ደግሞ በዚህ ዘመን! ሰው በዓይኑ ይበላል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እኔማ አምናለሁ። አንቺ የማታምኚው ዳቦሽን ለምን ሸፈንሽ?»

አኩርፌ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።

ሦስቱ ሳምንት እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ለሕፃኗ ነጭ ልብስ ገዛሁ፤ ለመምህራን ጓደኞቼም ጉራዬን ነዛሁ። ቀኑ ሲቀርብ ግን ፍርሃት ያዘኝ። የምፈራው ዓይኗን አልነበረም እላለሁ። የሰፈሩን አፍ ነው እላለሁ። ብቻ ብዙ ነገር እላለሁ። በዋዜማው ለእናቴ ደወልኩና «አሞኛል፤ መምጣት እንደማልችል ለሸክላ ሠሪዋ ንገሪልኝ» አልኳት።

«ምንሽን?»

«ሆዴን።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «እግዜር ይማርሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት የሕፃኗን ልብስ ባየሁ ጊዜ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ያለ ክርስትና እናት ቄስ አያጠምቅም። ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ስትመለስ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት ስትመለስ ታየኝ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ማንኩሳ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ፣ ግማሹን በሩጫ። ደብሩ ጋ ስደርስ ቅዳሴው ወጥቷል። አርፍጃለሁ።

ዋርካው ሥር ሸክላ ሠሪዋ ቆማለች። አጠገቧ ልጅቱን ታቅፋ የቆመችው እናቴ ናት። የሕፃኗ አንገት ላይ አዲስ ማተብ ታስሯል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይሄ ነው! ደርቄ ቀረሁ። አፌን መክፈቴን ያወቅኩት እናቴ «ዝንብ ይገባብሻል፣ ዝጊው» ስትለኝ ነው።

«አንቺ... አነሳሻት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰማንያዋ ሞልቶ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን ኃጢአቱ በማን ነው? ቃል በገባው ነው። ቃል የገባውን ደግሞ የወለድኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁንም እፈራለሁ። ምን አፈጠጥሽ? እየፈሩም ያነሳሉ።»

የሸክላ ሠሪዋ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ከሰፈሩ ሰው ከእኛ ሌላ የመጣ የለም። ደጁ ላይ ያልተተኮሰ ሸክላ ፀሐይ ይሞቃል። አጎዛ አነጠፈችልን፤ እንጀራ በሽሮ በትሪ አቀረበችልን፤ ጠላ ቀዳችልን። ከዚያ ብድግ ብላ ሄደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። ሳንፈራ እንድንበላ ነው! በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጇ ክርስትና፣ ለእንግዳ አክብሮት ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። ፊቷን ስታዞር ቁጣ እንኳ አላየሁባትም። እንዲህ ማድረግ ለምዳዋለች።

እናቴ አማተበች። ቆርሳ አጠቀሰችና «አበልጄ፣ ዙሪ» አለች።

ሴትዮዋ አልዞረችም። «ግዴለም፣ ይብሉ እትዬ።»

«ዙሪ አልኩሽ! እኔ የግድግዳ አበልጅ የለኝም። ነይ፣ አብረሽን ቁረሺ።»

ዞረች። ቀስ ብላ መጥታ ከትሪው ማዶ ቁጭ አለች። ሕይወቴን ሙሉ ሳውቃት ዓይኗን ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ቡናማ፣ ሲደክም የዋለ ሰው ዓይን። አሁን ገና ሁሉም ነገር ልክ ሆነ ብዬ ልተነፍስ ስል፣ እናቴ ትሪው ላይ አፍጥጣ አየኋት።

ተከትዬ አየሁ። ነጠላዬ በፊቴ ያለውን እንጀራ ሸፍኖታል። ጫፉን የያዘው የእኔ እጅ ነው።

ሸክላ ሠሪዋም አየችው። ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

እናቴ ነጠላውን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለካ እውነትም አሞሻል» አለችኝ።