ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል

ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ያለ አንድ ሻይ ቤት ወጣቶች የውጭ አገር ኳስ ሲያዩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ኳሱን እወዳለሁ፤ ጫጫታቸውንም እችለዋለሁ። አንዱ ተነሥቶ ይሄ አሠልጣኝ ያንን ልጅ ከታዳጊው ቡድን የማያመጣው ምን ነክቶት ነው ብሎ ክርክር ሲጀምር ግን ሻዬን ሳልጨርስ እወጣለሁ። ሽማግሌው ዛሬም ተቀየመ ይባባላሉ መሰለኝ። አልተቀየምኩም። ጥያቄውን አልችለውም።

በደርግ ዘመን ከከተማው ምሥራቅ በኩል የነበረ የአንድ ፋብሪካ የተስፋ ቡድን አሠልጣኝ ነበርኩ። ቀን በፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ዛሬ ባለ መስታወት ፎቅ የበቀለበት ሜዳ ላይ ልጆቼን አሯሩጣለሁ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የምለው ስለማይሰማ አፌን ከፍቼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። የተስፋ ቡድን ማለት ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ከነሱ በላይ ዋናው ቡድን አለ። ዋናው ቡድን የገባውን ልጅ ፋብሪካው በሠራተኛነት ይቀጥረዋል። ስለዚህ ለነዚያ ልጆች ማደግ ማለት ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ቤታቸው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ነበር።

እኔ ደግሞ አላሳድግም ባይ ነበርኩ። ያስተማረኝ የራሴ ጉልበት ነው። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጎበዝ ተብዬ ከትልልቆቹ ጋር ገባሁና በሦስተኛው ጨዋታ የልጆች አባት የሆነ ተከላካይ ጉልበቴ ላይ ወጣብኝ። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግረኝ ያ ጉልበት ነው። የልጅ ልቡ ቀድሞ ይደርሳል፣ እግሩም ይከተላል፤ አጥንቱ ግን የራሱ ጊዜ አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልኩ ስንቱን አባት ከሜዳ መለስኩ። በዕድሜም ቀልድ አላውቅም ነበር። ያኔ የየቡድኑ በሽታ ዕድሜ መቀነስ ነው። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው የሚለኝን ጎረምሳ አገጩን ዳብሼ ወደ ቤቱ እሸኘዋለሁ። ዕድሜ መጨመር የሚባል ፈተና ይመጣብኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ልጁ ወደኔ የመጣው በዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከሜዳው ማዶ ባለ የቀበሌ ቤት ከእናቱና ከሁለት ታናናሽ እኅቶቹ ጋር ይኖራል። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ክሊኒክ ታጸዳለች። በግራ እግሩ ነው የሚጫወተው። ኳስ ሲይዝ ወደ መሬት አያይም፤ ሲቀሙት ይስቃል፣ ስቆ ሳይጨርስም መልሶ ይቀማል። ታኬታው ከአንድ ትልቅ ተጫዋች የወረሰው ነው። በሁለት ቁጥር ስለሚበልጠው ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። ልክህን ልፈልግልህ ስለው ይተዉት ጋሼ፣ እያደግኩ አይደል፣ እደርስበታለሁ ይለኛል።

የዋናው ቡድን አሠልጣኝ አብሮ አደጌ ነው። ልጁን ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ አይቶት ስጠኝ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በዓመቱ የዋናው ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች እግሩ ተሰበረ፤ ቡድኑም ወደ ታች ይንሸራተት ጀመር። አንድ ቀን አብሮ አደጌ ልምምድ መሃል መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ አንተ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ስትጠብቅ ዶሮዋ ትሞታለች አለኝ። ሳቅሁ እንጂ አልሰጠሁትም።

ያሸነፈችኝ እናትየዋ ናት። ከሥራዋ በቀጥታ መጣች፤ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። እኔም እንደ ልማዴ ስለ አጥንት፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ሁለት ዓመት ትዕግሥት አስረዳኋት። በጨዋነት እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እርስዎ እግሩን ይጠብቃሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምጠብቀው ሆዱን ነው።»

በማግስቱ ለአብሮ አደጌ ውሰደው አልኩት። ለራሴ ደግሞ ልጁ ቶሎ አይሰለፍም፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል፣ በዚያ መሃል ይጠናል አልኩ። ሰው ሊሳሳት ሲል ለራሱ የሚነግረው ነገር አያጣም።

አንድ እንቅፋት ቀረ። ፋብሪካው ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን አይቀጥርም፤ ልጁ ደግሞ ዐሥራ ስድስት የሞላው በዚያው ዓመት ኅዳር ሚካኤል ነው። የልደት ወረቀት በሌለበት ሰፈር ዕድሜ የሚታወቀው በሦስት ምስክር ነው። ስለዚህ እኔ፣ አብሮ አደጌና የፋብሪካው ዘበኛ ሸሚዛችንን ቀይረን ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ልጁን ከመቼ ጀምሮ እንደምናውቀው ጠየቀን። ሰው ሁሉ የሚለውን አልን፤ ተወልዶ ሲያድግ እናውቀዋለን። እኔ የማውቀው ሁለት ዓመት ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ስሙን ያወቀው በር ላይ ስንገባ ነው። ዕድሜው ሲባል ሁለቱ ወደኔ ዞሩ። አሠልጣኙ እኔ ነኛ።

«ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ፈረምን። ልጁ በር ላይ ሲጠብቀን ነበር፤ ወረቀቱን አይቶ በአንድ ጠዋት ሁለት ዓመት አደግኩ ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ምን ያሳፍራል፤ ማንን ጎዳን? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ።

ወንበር ላይ ግን አልቆየም፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዕረፍት በኋላ ገባ። በዚያ ሰፊ ማልያ ውስጥ ሌላ ሰው የሚገባ ይመስል ነበር። አንድ ግዙፍ ተከላካይ ሲጠጋው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስገልጥ ተከላካዩ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ኳሱ ጎል አፍ ላይ ደርሷል። አራት ጨዋታ ተጫወተ፤ አንድም ቀን አላነከሰም። እኔ የፈራሁት ጉልበቱን ነበር። ጉልበቱ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ዕለት እናትየዋ ሜዳ ድረስ መጥታ እጄን ልትስም ስትል ሸሸኋት። ተሳስቼ ነበር ለካ፣ ልጅ እንዲህም ያድጋል እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ግንቦት ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ለብሔራዊ ውትድርና ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ወጣቶች ስም ሊነበብ ነው። እኔ የሄድኩት ላለመቅረት ነው፤ የቀረ ይጠየቃል። ስሞቹ ሲነበቡ ግማሹን አልሰማሁም። የልጁ ስም ሲጠራ ግን እናትየዋ ከሴቶቹ መሃል ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ሌላ ሰው አላየችም። ልጁ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ በስሙ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ፈገግ እንዳለ ቀረ። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ከቀበሌው ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የኔ ፊርማ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ከእናትየዋ ጋር ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባን። ክፉ ሰው አልነበረም። ጨዋታችንን ያያል፣ ልጁንም ያውቀዋል። ልጁ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ለሥራ ብለን ነው ያን ያልነው አልኩት። ፋይሉን አስመጥቶ ገልጦ ወደኔ አዞረው።

«ጓድ፣ የዋሹት ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ» አልኩ።

እንግዲያው ሦስታችሁም በሐሰት ምስክርነት ትታሰራላችሁ፣ ልጁም በሐሰት ወረቀት ተቀጥሯልና ይጠየቃል አለኝ። ወረቀቱን የሚሽሩ ሌሎች ሦስት ምስክሮች ካመጣሁ ግን ያያል። እናትየዋ እኔ ወልጄዋለሁ፣ ከኔ በላይ ማን ይመሰክራል አለች። እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም ተባለች። ያዋለደቻት ጎረቤት አገሯ ገብታለች፤ የክርስትና አባቱ ሞቷል። አብሮ አደጌን ለመንኩት፤ አምስት ልጆች አሉኝ ብሎ አቀረቀረ። ዘበኛው ጭራሽ አላውቅህም ሊለኝ ምንም አልቀረውም። እኔም ያን ቀን መታሰር የሚለውን ቃል ስሰማ ፈርቻለሁ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ያቺን አንዲት ቀን አስቤ ምን እንዳገኘሁ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን እሰሩኝ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ዝርዝሩ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው አልፏል፣ ከእጄ ወጥቷል አለኝ። ከፍተኛው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አግዳሚ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ አንዱ ወጥቶ ይሄ የቀበሌ ጉዳይ ነው ብሎ መለሰኝ። ቀበሌ ስመለስ የከፍተኛው ነው አሉኝ። ወደ ፋብሪካው ዞርኩ። ኃላፊው ለቋሚ ሠራተኞች ለምርት ያስፈልጋሉ የሚል ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ልጁ ግን ገና ዓመት ስላልሞላው ጊዜያዊ መሆኑን ነገረኝ። ዓመት ቢሞላው ኖሮ ችግር አልነበረም አለኝ። ይህን ሲለኝ ከልቡ አዝኖ ነበር።

ከዚያ ቢሮ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አብሮ አደጌ ስጠኝ ባለኝ ጊዜ ሰጥቼው ቢሆን ልጁ ይኸኔ ቋሚ ነው፤ ደብዳቤው ይጻፍለታል። በያዝኩት ሁለት ዓመት ጸንቼ ቢሆን ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ማንም አያስገባውም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። ቀድሜም ማዳን እችል ነበር፤ ዘግይቼም ማዳን እችል ነበር። በዚያ ሁሉ ጥበቤ መርጬ መርጬ ልጁ የሚጠፋበትን ወር አገኘሁለት። እያደር ይቀላል የተባለው ውሸት እኔ ላይ እያደር ከበደ።

ልጆቹ የተሰበሰቡት ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ወላጅ ከአጥር ውጭ ይቆማል፤ አልቅሶ ማሳፈር ክልክል ነው ተብሏል። እናትየዋ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። እኔን ዘቡ ስለሚያውቀኝ አስገባኝ። ልጁ ታኬታውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የመጣው፤ እዚያም ኳስ ይኖራል ብሎ። ይዞ መግባት አይቻልም ሲሉት አውጥቶ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ስመለስ ቦታዬ ይኖራል አይደል?»

ይኖራል አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ተጠንቀቅ እንኳ አላልኩትም። በልምምድ ስንት ሺህ ጊዜ የምለውን ቃል ያን ቀን አጣሁት። መኪናው ላይ ሲሰቀሉ ከሁሉ ያነሰው እሱ ነበር። አንዱ እጁን ይዞ ጎተተው። ለአንድ አፍታ እግሮቹ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፤ እዚያ የሰጡኝ ጫማ ልኬ ነው ይላል። ከሰሜን ሌላ መጣ፤ እሱ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ምንም የለውም። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እናትየዋ እኔን አግኝታ አንድ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ደህና ዋሉ ትለኛለች፤ እኔ ቀን ሙሉ አልውልም።

ልጁ በሄደ በሁለተኛው ኅዳር፣ በሚካኤል ዕለት፣ እንደ ልማዴ ሜዳ ላይ ነበርኩ። አዳዲስ ልጆች መጥተዋል። አንዱ ጎበዝ ነው፤ አባቱም መቼ ነው የሚያሳድጉት እያለ ይነዘንዘኝ ጀምሯል። እናትየዋ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች ከጎሉ ጀርባ ቆማ አየኋት። ፊሽካ ነፍቼ ልጆቹን እስክበትን ሳትነቃነቅ ጠበቀች። ደብዳቤ የመጣ መስሎኝ በዚያ ጉልበቴ እያነከስኩ ሮጥኩ። ደብዳቤ አልያዘችም።

«ዛሬ ዐሥራ ስምንት ሞላው» አለችኝ፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። «አሁን ቢመሰክሩለት እውነት ነው።»

አውሮፕላን በላያችን እየወረደ ነበር። አፌን ከፍቼ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። እሷም መልስ ልትሰማ የመጣች አልነበረችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ታኬታው ዛሬም እኔ ቤት ነው፤ ጫፉ ላይ የጠቀጠቀው ጨርቅ አልወጣም።