ከቤተልሔም ደጅ የተመለሰ ስንዴ

ባሌ ሊሞት ሲል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የዘንድሮውን መገበሪያ እንዳታስታጉዪብኝ። ከማሳችን ይሁን» አለኝ። በእኛ ደብር ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ የሚሰጠው ተራ የደረሰው ቤት ነው፤ ከራሱ ማሳ ያመረተውን፣ ፍሬ በፍሬ ለቅሞ። የባሌ ቤት ተራ ታኅሣሥ ላይ ነው። አባቱም አያቱም ከዚያው ማሳ ሰጥተዋል። እሱ የሞተው በጥቅምት፣ ስንዴው ገና ሳይታጨድ ነው።

እሺ አልኩት። እሺ ያልኩትን ለምን እንዳልፈጸምኩ ነው የምጽፈው። ስም አልጠራም።

ቤታችን ከመካነ ሰላም በታች ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የየቤቱን መጸዳጃ ጉድጓድ የምትመጥ ቦቴ መኪና መጣች። የምትደፋበት ቦታ ሲፈለግ ከእኛ ማሳ ዳር ሰፋፊ የግንብ ገንዳዎች ተሠሩ። ዝቃጩ እዚያ ይደፋል፤ ውሃው በአሸዋና በጠጠር ተጣርቶ ይወርዳል፤ የቀረው በፀሐይ ይደርቃል። ሥራውን የሚሠራ ሰው ሲጠየቅ ስብሰባው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ባሌ እጁን አወጣ።

ቸግሮት አይደለም፤ ይህን የሚሉ አሉ። ከግንቡ ሥር የወደቀች አንዲት የገብስ ፍሬ በቅላ አይቶ ነው። ከአንድ ሥር ስንት ዘለላ እንዳወጣች እየቆጠረ ወደ ቤት መጣ። የእኛ ማሳ ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር። አፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል ብለው ኖራ በትኑ ይሉናል፤ ኖራው አይመጣም። ዩሪያው የሚደርሰው የዘር ወቅት ካለፈ ነው። ሰውዬው በዚያች ገብስ ልቡ ተያዘ።

የደረቀውን በአካፋ እያወጣ ከገለባና ከሰጋቱራ ጋር ያደባልቃል፤ ይከምራል፤ በላስቲክ ይሸፍናል፤ ገልብጦ እንደገና ይከምራል። አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ነበረችው። ክምሩ ሆድ ውስጥ ሰክቷት ይቆይና ሲያወጣት በመዳፉ ይይዛታል። አቃጥላው ከለቀቃት «በስሏል» ይላል። ካላቃጠለችው ይገለብጠዋል። በሽታ የሚያመጣውን የሚገድለው ሙቀቱ ነው ብሎ ያስተማረው አንድ የግብርና ባለሙያ ነው፤ እሱ ግን ከባለሙያውም ባሰ። በስሎም ቢሆን ዓመት ካልሞላው ለማንም አይሰጥም፤ ለማሳችንም አይበትንም። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጥቁር ፍርክስክስ ያለ አፈር ነው። የሚሸተው ዝናብ የመታው ጫካ ነው። የሚያምነኝ ይመን፤ እኔ በእጄ ዘግኜ አሽትቼዋለሁ።

የመንደሩ ሴቶች ግን ምንጭ ላይ ስደርስ እንስራቸውን ያሸሹ ጀመር። አንዲት የእስላም ጎረቤት አለችኝ፣ እሷ ብቻ በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት መንገድ፣ አህያዋን ነድታ መጣች። «የላም ሲሆን ፍግ፣ የሰው ሲሆን ነውር! ወላሂ እኔ በቀን ነው የምወስደው። ጫንልኝ» አለችው። እሱ ሲስቅ አካፋው ከእጁ ወደቀ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ሳቁ ነው። የማኅበር ተራ የእኛ ነበር። ሰዉ ተሰብስቦ፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው እየበሉ፣ «አምና ማሳህን አየሁት። ምን አግኝተህ ነው እንዲያ የፋፋው?» ብለው ጠየቁት።

«የከተማው በረከት ነው አባቴ። ያላዋጣ የለም። የእርስዎም አለበት፤ ባለፈው ቦቴዋ ከደጅዎ ስትወጣ አይቻታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን ዳቦ አዩት። ማንም ያየ አልመሰለኝም፤ እኔ አይቻለሁ። ቀስ ብለው ሰፌዱ ላይ መለሱት።

ሳቁ ሲበርድ የባሌ ታናሽ እህት ዋንጫዋን መሬት አስቀመጠች። «ወንድሜ ባይሆን ከዚህ ቤት ውሃም አልቀምስም ነበር» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ኧረ ቅመሺ፤ ጌሾው ከገበያ ነው» አላት።

እንደገና ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ባለ አካፋው» ተብሎ ቀረ፤ በክርስትና ስሙ የሚጠራው አልተገኘም።

ወር አልሞላም። የደብሩ ንግሥ ቀን፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ እኔ እግሬን አሞኝ ቀርቼ ነበር፤ እሱም አጠገቤ። እህትየው ሁለት አህያ እየነዳች በጓሮ መጣች። አራት ጆንያ ጫነላት። በላዩ ላይ ባሕር ዛፍ ቅጠል ነሰነሰችበት፣ ማገዶ እንዲመስል። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

«ለጎመንና ለካሮት እንዳትነኪው» አላት፤ ለሁሉም የሚለውን ነው። «ለስንዴ ብቻ። ያ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ማሳሽ ላይ ብቻ፤ ከማረስሽ በፊት።»

«ሌላ ስንዴ የምዘራበት መሬት የት አለኝና!» አለችው። እውነቷን ነው፤ የላትም።

ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «አታውሪባት። አፏ ነው እንጂ ልቧ ደግ ነው።»

«ልቧንም አውቀዋለሁ» አልኩት። ግን አላወራሁም። ይህንንም እጽፋለሁ፣ አላወራሁም።

በዚያው ክረምት ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፤ መንደሩ ሽታው ነው አለ። ቀብሩ ላይ ሰው አልጠፋም፤ ቤታችን ገብቶ እህል የቀመሰ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስንዴው ሲደርስ ለወንፈል የመጡት የዚያች የእስላም ጎረቤቴ ባልና ልጆች ናቸው። እሷ ነዶውን እየተሸከመች «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትለኛለች።

ስድስት ቀን ለቀምኩ። የተሰበረውን፣ የነቀዘውን፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህለውን ጠጠር። ዓይኔ ደክሟል፤ ፍሬውን በጣቴ ነው የማውቀው። እንዲህ ያለ ሙሉ ስንዴ በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን አላየሁም። በነጭ ነጠላ ቋጥሬ የቅዳሴው ኅብስት ወደሚጋገርበት ወደ ቤተልሔም ወሰድኩት።

ቄሱ ከደጁ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል ማለት ነው።

«እናቴ፣ ይህ ይቅርብዎት። ሕዝቡ ያጉረመርማል።»

«ሕዝቡ ማን ነው?»

መሬት አዩ። «ከሩቅ ሰው የመጣ ቢሆን ባልሰማሁ። የገዛ እህቱ መጥታ አይገባም ስትል እኔ ምን ላድርግ? የቤቱ ተራ እንዳይቋረጥ እሷ ታስገባ ብለናል። እርስዎ ይህንን ለነዳያን ይስጡት።»

«ለነዳያን ንጹሕ ከሆነ ለዚህ ምን ጎደለው አባቴ?»

ቋጠሮውን ለመቀበል ሳይሆን ወደ እኔ ለመግፋት እጃቸውን ዘረጉ። ሳይገፉኝ ዞርኩ።

ከዚያ በቀጥታ እህትየው ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ስታየኝ ሰፌዱን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነችው። የማላይ መስሏት ይሆናል።

«ከየት ማሳ ነው?» አልኳት።

«ከቁልቁለቱ» አለች። ካለች በኋላ ነው የሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ቆምኩ። እሷም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እህቴ፣ ተይኝ» አለች።

«ምኑን ነው የምተውልሽ?»

«በማኅበሩ ጊዜ ሲስቁ እኔ ላይ የሳቁ መሰለኝ። ባለ አካፋው ወንድምሽ እያሉ ልጆቼን በትምህርት ቤት ያንጓጥጧቸዋል። እና ምን ልበል? ዝም ብዬ ነው ለቄሱ የተናገርኩት፤ ይመለሳል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ውሸትሽን ነው።»

«ውሸቴን ነው» አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እሷ ስታለቅስ ለማየት ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ወጣሁ።

እግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሰኝ። ለቄሱ የምላቸውን ቃል በቃል አዘጋጅቻለሁ፦ አራት ጆንያ፣ ሁለት አህያ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የንግሥ ቀን። በሐሳቤ እዚያው በሕዝቡ ፊት ስትዋረድ አየኋት፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የጠበሉን ወንዝ ስሻገር ግን ሌላ ነገር ታየኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከተናገርኩ የእሷም ይመለሳል። የእሷ ከተመለሰ ከባሌ ቤት በዚያ ዓመት የሚገባ የለም። የእሷ የቁልቁለቱ ማሳ ደግሞ የጠገበው ባሌ መዳፉን እያቃጠለ ካበሰለው አፈር ነው። የእሱ ድካም ወደ ቤተልሔም የሚገባበት የቀረው መንገድ በእሷ ጆንያ ውስጥ ነበር።

ይህን የሚያህል ነገር ለዚያች ሴት ምሕረት ስል አላደረግሁም። ለእሱ ስል ነው። ተነስቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የእሷ ስንዴ ኅብስት የሆነበትን የእሑድ ቅዳሴ ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ሰማሁት። ደወሉ ሲደወል እጄን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ መዳፌን ጨበጥኩ። ገባልህ አልኩት በልቤ። እፎይታው ካሰብኩት የሚያንስ ነበር። በእኔ እጅ እንዲገባ ነበር የጠየቀኝ፤ ከማሳችን።

አሁን ሌሎች እያበሰሉት ገበሬው ሁሉ ለዚያ አፈር ተራ ይይዛል። ማዳበሪያው ሲዘገይ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ ከወግዲ መንገድ ሳይቀር አህያ እየነዱ ይመጣሉ። እህትየው በጠራራ ፀሐይ ከፊት ትሰለፋለች፤ ቅጠል አትነሰንስም። ቄሱም ሰው ይልካሉ። ማን እንደጀመረው የሚያነሳ የለም። የብረት ዘንጉ እኔ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

ባለፈው ቄሱ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «እናቴ፣ ያኔ ሳናውቅ ነው። ተራውን ልመልስልዎ፤ ዘንድሮ ያምጡልን» አሉኝ።

«የጠየቀኝ የዚያን ዓመቱን ነው» አልኳቸው። የዚያን ዓመቱ ስንዴ ደግሞ የለኝም። አልበላሁትም፣ አልሸጥኩትም፤ በቀጣዩ ክረምት ማሳው ላይ መልሼ ዘርቼዋለሁ።

ሌላውን አልነገርኳቸውም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ። ያን እሑድ ከባሌ አፈር የበቀለውን ቀድመው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ኅብስቱ ተቆርሷል፤ አሁን የሚመልሰው የለም። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ማንም እንዳይመልስበት ብዬ ነው።