ጣታችንን የዘረጋን ቀን

...ጣቶቻችንን ዘርግተን ነበር። ያ ትዝ ይለኛል። ማን ቀድሞ እንደዘረጋ ግን... አይ፣ ከደንቡ ልጀምር።

ከተማችንን ጭሮን ለማታውቁ፣ አፎሻ እንደ እድር ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል። ያለ ምክንያት ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል።

ከምርጫው በፊት የሰፈራችን አፎሻ ሰብሳቢ ኦቦ ጀማል አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። ለመምረጥ ያልወጣ ሰው ከቀብር እንደቀረ ይቆጠር አሉ።

ባጃጅ የሚነዳው ሽኩር አላስጨረሳቸውም። «ቀብር ሲሆን የሞተ ሰው አለ። እዚህ ማን ሞተ?»

«ሰፈራችን!» አሉ ኦቦ ጀማል። «ባለፈው ምርጫ ቤታችን ተቀምጠን ቀረን። ከዚያ በኋላ ውሃ ብለን ስንጮህ ማን ሰማን? ቀብርስ የምትወጣው ለራስህ ነው እንዴ? ለጎረቤትህ ነው። ይሄም እንደዚያው ነው።»

እውነታቸውን ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ... ቅጣት ፈርቶ የመጣ ሐዘንተኛ ምን ዓይነት ሐዘንተኛ ነው? ሁለቱንም ባንዴ አሰብኩ። እጅ አውጡ ሲባል ግን ከብዙዎቹ ጋር አወጣሁ። ደንቡ ጸደቀ።

በአንድ ግድግዳ የምንጎራበታቸው አዴ ዘሃራም ያን ቀን ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ከሁለት ቀብር ቀርተዋል፤ ምክንያቱን ተጠይቀው አልተናገሩም። አንድ መቅረት ከተጨመረ ይሰረዛሉ። ከተሰረዙ ደግሞ... ማን ይቀብራቸዋል?

በምርጫው ዕለት ጠዋት ሻሻቸውን አስረው ሲወጡ አየኋቸው። ደስ አለኝ። በኋላ ግን ያ መንገድ ወደ ገበያም እንደሚወስድ ትዝ አለኝ።

ምርጫው ካለፈ በኋላ በመጣው አርብ፣ ከአሱር ሶላት መልስ፣ ኦቦ ጀማል ግቢ ተሰበሰብን። ወንዶቹ በአጥሩ በኩል፣ ሴቶቹ በዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ።

«እስቲ ጣት!» አሉ ኦቦ ጀማል።

ዘረጋን። ስንመርጥ ጣታችን ላይ የተቀባው የምርጫው ቀለም ለቆ እንዳይሆን ብዬ የራሴን ጣት ሰረቅ አድርጌ አየሁት። የመረጥኩ ሰው ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም። ወንዶቹ በሙሉ አለፍን።

ኦቦ ጀማል ወደ ሴቶቹ ዞሩ። መጀመሪያ ላይ፣ ከቤታቸው ባመጡት መቀመጫ የተቀመጡት አዴ ዘሃራ ነበሩ። እጃቸውን ከሻርፓቸው ሥር ቀስ አድርገው አወጡ። አሥሩም ጣቶቻቸው እስከ መጀመሪያው አንጓ በሂና ጠቁረዋል። ትኩስ ሂና። ሠርግ የለ፣ ኢድ የለ።

ኦቦ ጀማል መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አዴ፣ ይሄ ሂና ነው።»

«ሂና ነው።»

«የምርጫው ቀለምስ?»

«ከሥሩ ፈልገው።»

«አሥር ጊዜ መርጠዋል በሏቸው!» አለ ሽኩር። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ኦቦ ጀማል አልሳቁም። «ወላሂ መርጫለሁ ይበሉና እንለፍ።»

«ስለ ጣት ብዬ ወላሂ አልልም» አሉ አዴ ዘሃራ። እጃቸውን አላጠፉም።

ሳቁ ቆመ። ደንብ ደንብ ነው። ሦስተኛው መቅረት ሊመዘገብባቸው ነው። ከአጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ያኔ ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋች። ሂና። ቀጥሎ ያለችውም። ሂና። ከእሷ ቀጥሎ... በምንጣፉ ላይ የጠቆሩ ጣቶች አንድ በአንድ ወጡ። መጨረሻ ላይ የኦቦ ጀማል ባለቤት ቀሩ። እሳቸውም ዘረጉ።

«ያ ረቢ! አንቺም?»

«ታዲያ ጎረቤቶቼ ሁሉ ሲቀቡ ብቻዬን ልቀመጥልህ?»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ሁሉም መርጠው ይሆናል። አንዲት ብቻ ቀርታ ይሆናል። ደግሞ ማንም ሳይወጣ... መለየት አይቻልም ነበር። ሴቶቹ መቼ እንደተማከሩ፣ ማን እንደጀመረችው፣ ከወንዶቹ ውስጥ የሰማ አልነበረም።

ኦቦ ጀማል መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ይሄን ደንብ እናንሳው» አሉ በመጨረሻ። «ቀብር ግን እንደነበረው ነው።»

የተቃወመ አልነበረም። እኔም እጄን አወጣሁ... እንደገና።

ወደ ቤት ስንመለስ የአዴ ዘሃራን መቀመጫ ተሸከምኩላቸው። መንገዱን ሁሉ ጥያቄው አፌ ላይ ነበር። በራቸው ላይ ስንደርስ አመለጠኝ።

«አዴ፣ ለማንም አልናገርም... መርጠዋል?»

መቀመጫውን ተቀበሉኝ። አንድ እግራቸውን አስገቡ። ከዚያ ዞረው ዓይኔን አዩኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ደንቡ ባይኖር ያን ቀን ከቤትህ ትወጣ ነበር?»

ጣቴን አየሁት፤ ቀለሙ አሁንም አለ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ።